የጠፈር መስታወት ዋና ፈተና ጽናቱ ነው

ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ጋፋት በ1859 ዓ.ም. የተሠራው ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ይህ መድፍ በታሪካችን የሚነሳው በግዝፈቱና ወደ መቅደላ በተጎተተበት የወራት ጉዞ ነው። የተሠራበት ነገር ግን ብዙም አይነሳም። የመድፍ ነሐስ የመዳብና የቲን ቅይጥ ነው፤ ከዐሥር እጅ ዘጠኙ ያህል መዳብ ነው። ጋፋት ላይ እሳት ከመንደዱ ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1845፣ ሎርድ ሮስ የተባሉ የአየርላንድ ባላባት 1.8 ሜትር ስፋት ያለው የቴሌስኮፕ መስታወት ለሥራ አብቅተው ነበር። እርሱም ከመዳብና ከቲን የፈሰሰ ነው፤ ልዩነቱ ከሦስት እጅ አንዱ ያህል ቲን መሆኑ ነው። ሁለቱም ሥራዎች ብርቱ ምድጃ፣ የተዘጋጀ ቅርጽ ማውጫና ትዕግሥት ያለው ማቀዝቀዝ ይፈልጋሉ። መንገዳቸው የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው። መድፉ ሳይሰነጠቅ ከወጣ የቀረው ሥራ ትንሽ ነው፤ ውስጡ በሚሊሜትር ቢዛነፍም ከመተኮስ አይከለክለውም። መስታወቱ ግን ይሞረዳል፣ ይለካል፣ እንደገና ይሞረዳል፤ በመጨረሻም የሚሸከመው ስህተት የፀጉር ውፍረት ለብዙ መቶ ተከፍሎ ከሚገኘው አይበልጥም።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ልዩነት ይነሳል። ለመጪዎቹ ዐሥርት ዓመታት የታቀዱት የጠፈር ቴሌስኮፖች ትልልቅ መስታወት ያስፈልጋቸዋል። ትልቅነቱ በገንዘብና በኃይለኛ ሮኬት ሊገኝ ይችላል። የሚከብደው መስታወቱን ቅርጹን ሳይለውጥ እንዲቆይ ማድረግና መቆየቱንም በልኬት ማረጋገጥ ነው። ፈተናው እዚህ ላይ መሆኑን ከተቀበልን፣ እንደ ኢትዮጵያ ያለ አገር በዚህ የእውቀት መስክ በየትኛው በር ሊገባ እንደሚችልም ከወትሮው የተለየ መልስ እናገኛለን።

በመጀመሪያ መስታወቱ ትልቅ መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ እንይ። የቴሌስኮፕ መስታወት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ብርሃን መሰብሰብ ነው፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን የሚሰበስበው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው ተቀራርበው የሚታዩ ነገሮችን ነጣጥሎ ማሳየት ነው፤ በዚህም ስፋት የጨመረው መስታወት የተሻለ ይለያል። ስለዚህ የሥነ ፈለክ ታሪክ ከሞላ ጎደል የመስታወት ማደግ ታሪክ ነው። የሎርድ ሮስ ነሐስ ቶሎ እየደበዘዘ ስለሚያስቸግር ሁለት መስታወቶች በተራ ይሠሩ ነበር፤ አንዱ ሰማይ ሲያይ ሌላው ይወለወላል። እ.ኤ.አ. ከ1850ዎቹ አጋማሽ በኋላ መስተዋትን በስስ ብር መለበጥ ሲቻል የነሐሱ ዘመን አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካ ውስጥ የኮርኒንግ ፋብሪካ ለፓሎማር ተራራ ቴሌስኮፕ 5 ሜትር የሚሰፋ የፓይሬክስ መስታወት አፈሰሰ፤ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ብቻ ወራት ፈጅቷል። ቴሌስኮፑ ሥራ የጀመረው ግን በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። በመካከል ጦርነት ቢገባም፣ ከማፍሰሱ ይልቅ የመሞረዱና የመለካቱ ሥራ ብዙ ዓመት መብላቱ ከዚያ ጀምሮ ግልጽ ነበር።

አሁን የሚታሰበው ቀጣዩ ትልቅ የጠፈር ቴሌስኮፕ ዓላማ ከሩቅ ጋላክሲ ይልቅ ወደ ቅርብ ከዋክብት የዞረ ነው። የአሜሪካ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በየዐሥር ዓመቱ የሚያወጡት የዕቅድ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ምክር ሰጠ። 6 ሜትር ገደማ መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ ተሠርቶ፣ ሕይወት ሊኖርባቸው የሚችሉ 25 ያህል ፕላኔቶችን ብርሃን ለይቶ ይመርምር የሚል ነው። ናሳ አሁን «ሊኖርባቸው የሚችሉ ዓለማት ታዛቢ» በሚል ስም እያጠናው ሲሆን፣ ወደ ጠፈር ይወጣል ተብሎ የሚጠበቀው በ2040ዎቹ ነው። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን ያስደነግጣል። በሚታይ ብርሃን ፀሐይ ከምድር 10 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ትደምቃለች። በሌላ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር ምድር መሰል ፕላኔት ለማየት፣ ከጎኗ ያለውን 10 ቢሊዮን እጥፍ የሚያበራ ኮከብ መሸፈን ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ኮሮናግራፍ የተባለው መሣሪያ ነው፤ በቴሌስኮፑ ውስጥ የኮከቡን ብርሃን ጋርዶና አጣፍቶ የፕላኔቷን ያስቀራል። ኮሮናግራፉ የሚሳካለት ግን ከመስታወቱ የሚደርሰው ብርሃን ቅርጹን የጠበቀ እንደሆነ ብቻ ነው። መስታወቱ ጥቂት እንኳ ከተጣመመ የኮከቡ ብርሃን በመጋረጃው ዳር ያፈተልክና ፕላኔት የሚመስሉ የብርሃን ነጠብጣቦችን ይረጫል።

ያ «ጥቂት» ምን ያህል ነው? በተለምዶ የሚጠቀሰው ልክ 10 ፒኮሜትር አካባቢ ነው። አንድ ፒኮሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ከአተሞች ሁሉ ቀላሉ የሃይድሮጅን አተም እንኳ 100 ፒኮሜትር ያህል ስፋት አለው። ይህ ማለት ትልቅ አዳራሽ የሚያህል ቦታ የሚይዝ ማሽን፣ ከአንድ አተም ስፋት ዐሥረኛ በላይ ሳይነቃነቅ ለደቂቃዎችና ለሰዓታት እንዲቆይ ይጠየቃል። እርግጥ ነው፣ ይህ ልክ የመስታወቱን ገጽ እያንዳንዱን አተም በተናጠል አይመለከትም፤ የሚመለከተው የሰፊው ገጽ አማካይ ቅርጽ በጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደሚለወጥ ነው። ቢሆንም የሰው ልጅ ከዚህ በፊት ይህን ያህል ግዙፍ ነገር ይህን ያህል ጸጥ አድርጎ ጠፈር ላይ አቁሞ አያውቅም።

ልኬት ሲጎድል ትልቅነትና ገንዘብ ምን ያህል እንደማይጠቅሙ ለማየት ከሀብል ቴሌስኮፕ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሀብል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1990 ሲወነጨፍ 2.4 ሜትር የሚሰፋው መስታወቱ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ እጅግ የለሰለሰ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ደብዝዘው መጡ። ምርመራ ሲደረግ የመስታወቱ ዳር ሊሆን ከሚገባው በ2.2 ማይክሮሜትር ጠልቆ ተገኘ፤ ይህ የፀጉር ውፍረት ለብዙ ዐሥር ተከፍሎ የሚገኝ ነው። የጥፋቱ ምንጭ ሞራጁ ማሽን አልነበረም። ቅርጹን ለመለካት የተሠራው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ ከቦታው በ1.3 ሚሊሜትር ርቆ ተቀምጦ ነበር፤ ባለሙያዎቹም መስታወቱን ያንን የተሳሳተ መለኪያ እስኪያስደስት ድረስ በፍጹም ጥንቃቄ ሞረዱት። ከሁሉም የሚያስተምረው ሌላው ነው፤ በፋብሪካው የነበሩ ሌሎች መለኪያዎች ችግር መኖሩን ጠቁመው ነበር፣ ዋናው መሣሪያ ይበልጣል ተብሎ ግን ቸል ተባሉ። በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ወጥተው የማረሚያ መነጽር ባይገጥሙለት ኖሮ፣ ሀብል ዛሬ የምናውቀውን ሥራ አይሠራም ነበር። አንድ መለኪያ ብቻውን መታመን የለበትም፤ ሁለተኛው ሲቃወም ምክንያቱ እስኪታወቅ ሥራው መቆም አለበት። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ሳይሆን የሥራ ባህል ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 የተወነጨፈው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያንን ትምህርት የቀሰመ ነው። መስታወቱ 6.5 ሜትር ስለሚሰፋ በሮኬቱ አፍንጫ ውስጥ አይገባም ነበር፤ ስለዚህ በ18 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ተከፍሎ ታጥፎ ወጣ። ቁራጮቹ የተሠሩት ከቤሪሊየም ነው፤ ቀላል፣ ግትርና በከባድ ብርድ ውስጥ ቅርጹን የሚጠብቅ ብረት ስለሆነ። ዌብ ሙቀት የሚመስለውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚያይ መስታወቱ ከዜሮ በታች 220 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ ጣጣ መጣ፤ ፋብሪካ ውስጥ በመደበኛ ሙቀት የለሰለሰ መስታወት ያን ያህል ሲቀዘቅዝ ይጣመማል። መሐንዲሶቹ እያንዳንዱን ቁራጭ በሐንትስቪል ከተማ ባለው የማርሻል ማዕከል ትልቅ የቅዝቃዜ ክፍል ውስጥ አስገብተው እንዴት እንደሚጣመም ለኩ። ከዚያ ወደ ፋብሪካ መልሰው፣ ሲቀዘቅዝ ቀጥ እንዲል በሞቀበት ጊዜ በተቃራኒው ጠማማ አድርገው አለሰለሱት። ትክክለኛው ቅርጽ ምድር ላይ በመደበኛ ሙቀት ፈጽሞ አልታየም፤ በልኬትና በስሌት ብቻ የታመነ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ምስሎች በሐምሌ 2022 ይፋ ሲሆኑ ስሌቱ ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ።

ሆኖም ዌብም ቢሆን ለቀጣዩ ዓላማ አይበቃም። ቁራጮቹ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታሉ፤ መስታወቱን በተሸከመው አጥንት ውስጥ የተጠራቀመ ውጥረት በድንገት ሲለቀቅ አንዱ ክፍል በጥቂቱ ዘንበል ይላል፤ ባለሙያዎቹም በየሁለት ቀኑ ያህል ቅርጹን እየለኩ ሲያስፈልግ ያስተካክሉታል። እነዚህ ለውጦች በናኖሜትር የሚቆጠሩ ስለሆኑ ለዌብ ሥራ አያሳስቡም። ለምድር መሰል ፕላኔት ፍለጋ ግን የሚያስፈልገው ጽናት ከዌብ በሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የዌብን መስታወት በሺህ እጥፍ ማስፋት ማንም አይጠይቅም፤ የሚጠየቀው የስፋቱን ልክ ይዞ ጸጥታውን በሺህ ማባዛት ነው።

ይህንን ለማግኘት ሦስት ጠላቶችን መርታት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ያልሟሸ ምጣድ ድንገት ኃይለኛ እሳት ሲነድበት መሐሉ ከዳሩ ቀድሞ ስለሚሰፋ ይሰነጠቃል፤ መስታወትም ከአንዱ ጎን ሲሞቅ ባይሰነጠቅ እንኳ ቅርጹ ይዛባል። የአንድ ሜትር ብረት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ርዝመቱ በ12 ማይክሮሜትር ያድጋል፤ ይህ 12 ሚሊዮን ፒኮሜትር ነው። ለዚህ ሲባል ከሞላ ጎደል የማይሰፉ መስተዋቶች ተፈጥረዋል። የኮርኒንግ ኩባንያ ከሲሊካና ከታይታኒየም ኦክሳይድ የሚሠራው ዩኤልኢ፣ የጀርመኑ ሾት ኩባንያም የሚሠራው ዜሮዱር የተባሉት ይገኙበታል። ዩኤልኢ በክፍል ሙቀት አካባቢ በሜትርና በዲግሪ ከ30 ናኖሜትር በላይ አይለወጥም። ያም ቢሆን 30 ሺህ ፒኮሜትር ነው። ስለዚህ 10 ፒኮሜትር ላይ ለመድረስ፣ የመስታወቱ ሙቀት ከአንድ ዲግሪ አንድ ሺህኛ በታች ሆኖ እንዲጸና መቆጣጠር ያስፈልጋል። ናሳ በማርሻል ማዕከል በፊሊፕ ስታል መሪነት ባካሄደው የመስታወት ልማት ፕሮጀክት የተፈተኑት ጉዳዮች እነዚህ ነበሩ፤ የዩኤልኢ መስታወት በቫኪዩም ውስጥ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቅርጹ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ለውጡንም ስሌቱ አስቀድሞ መተንበይ ይችል እንደሆነ።

ሁለተኛው ጠላት መንቀጥቀጥ ነው። ጠፈር ላይ ነፋስ የለም፤ ቴሌስኮፑ ራሱ ግን ይንቀጠቀጣል። ከኮከብ ወደ ኮከብ እንዲዞር የሚያደርጉት በፍጥነት የሚሽከረከሩ ጎማዎች ናቸው፤ እነሱ የሚፈጥሩት ረቂቅ ንቅናቄ በአጥንቱ በኩል ወደ መስታወቱ ይደርሳል። ስለዚህ መስታወቱን የያዘው ክፍል ጎማዎቹን ከያዘው ክፍል በጥንቃቄ ተነጥሎ እንዲቆም የሚያደርጉ መንገዶች እየተጠኑ ነው። ሦስተኛው ጠላት ስበት ነው። ምድር ላይ ያለ መስታወት በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ ጠፈር ሲወጣ ጉብጠቱ ይለቀቃል። ስለዚህ ምድር ላይ የሚለካው ቅርጽ ጠፈር ላይ ከሚሆነው ይለያል፤ ልዩነቱም መታወቅ አለበት። ሦስቱንም ስናያቸው መፍትሔያቸው በመጨረሻ ወደ አንድ ይመጣል፤ መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ መቆጣጠር።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ለምን መስታወቱን እንዲህ ጸጥ ለማድረግ እንጨነቃለን? በውስጡ ቅርጹን በየቅጽበቱ የሚቀይር ትንሽ መስታወት አስገብተን ስህተቱን ኮምፒውተር ቢያርመው አይበቃም? ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ናሳ ለሮማን የጠፈር ቴሌስኮፕ ባዘጋጀው ኮሮናግራፍ ውስጥ ሁለት እንደዚህ ያሉ መስታወቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም 48 በ48 ሆነው በተደረደሩ ጥቃቅን ገፊዎች ይቀረጻሉ። ነገር ግን ስህተትን ለማረም መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል፤ ለማየትም ብርሃን ያስፈልጋል። የተጋረደው ኮከብ አካባቢ የቀረው ብርሃን እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ አስተማማኝ ልኬት ለማግኘት ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት ያልፋሉ። ዋናው መስታወት በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ከተንቀሳቀሰ፣ ማረሚያው የሚያርመው ያለፈውን ስህተት እንጂ ያሁኑን አይሆንም። እርማት የጽናትን ሸክም ያቀልላል፤ አያስቀረውም። ከመስታወቱ የሚጠየቀው ጽናት የሚወሰነው በሚለካበት ፍጥነት ነው፤ ይህም ተመልሶ ወደ ልኬት ያመጣናል።

ሌሎች ደግሞ ከመስታወቱ ውጭ መፍትሔ ይፈልጋሉ። አንደኛው ሐሳብ በአበባ ቅርጽ የተሠራ በዐሥር ሜትሮች የሚሰፋ ጥላ ከቴሌስኮፑ በዐሥር ሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ እየበረረ ኮከቡን ይጋርድ የሚል ነው። ብርሃኑ ቴሌስኮፑ ውስጥ ሳይገባ ስለሚጋረድ ከመስታወቱ የሚጠበቀው ጽናት በብዙ ይቀንሳል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ጥላው ከአንድ ኮከብ ወደ ሌላ ለመሸጋገር ረጅም ጉዞና ነዳጅ ይፈልጋል፤ ብዙ ከዋክብትን ለመፈተሽ ብቻውን አይመችም። ሁለተኛው ሐሳብ በቅርቡ እየተሠሩ ያሉት 9 ሜትር የሚሰፉ ሮኬቶች ችግሩን ይፈቱታል የሚል ነው፤ መስታወቱ ሳይታጠፍ ይወጣል፣ ክብደትም ስለማያሳስብ ወፍራምና ግትር ሊሆን ይችላል። እውነት ነው፣ ግትርነት ለመንቀጥቀጥ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ሰፊ ሮኬት የሙቀትን አንድ ሺህኛ ዲግሪ አይቆጣጠርም። ትልቅነቱን ርካሽ ያደርገዋል፤ ጽናቱን ግን በዚያው ልክ አያረክሰውም።

ከአገራችን አንባቢ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። ከፍታው በእጃችን እያለ ጠፈር ምን ያደርጋል? የደቡብ ጎንደሩ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በላሊበላ ዙሪያ ያሉት ተራሮችም እንዲሁ፣ ለሥነ ፈለክ ታዛቢ ጣቢያ ይሆኑ እንደሆነም ተጠንተዋል። በእንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ከፍታው ዋጋ አለው፤ 4,000 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ከአየሩ ከሦስት እጅ አንዱን የሚበልጠውን ከእግሩ በታች ትቷል። ከምድር ወገብ በ12 ዲግሪ ገደማ መራቃችንም የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ለማየት ያስችለናል። ነገር ግን የቀረው አየር ይናወጣል፤ ኦዞኑ አልትራቫዮሌት ብርሃንን፣ የውሃ ተኑም ብዙውን ኢንፍራሬድ ይውጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰማያችን በደመና ይዘጋል። ቺሊ ውስጥ እየተሠራ ያለው 39 ሜትር የሚሰፋው የአውሮፓ ቴሌስኮፕ እንኳ ፀሐይን የሚመስል ኮከብ ዙሪያ የምትዞርን ምድር በ10 ቢሊዮን እጥፍ ልዩነት ለመለየት አየሩ ያግደዋል። የምድርና የጠፈር ቴሌስኮፖች ሥራ ይደጋገፋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ላሊበላ አካባቢ ጣቢያ ቢሠራ የሚጠቅመን በተለዋዋጭ ከዋክብት ክትትልና በተማሪዎች ሥልጠና ነው፤ ለዚያ ደግሞ የአንድና የሁለት ሜትር መስታወት በቂ ነው።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ የሚነሳው ከእብናት ነው። ከደብረ ታቦር በስተሰሜን ያለችው ይህች አገር በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረሃብተኞች የተጠለሉባት ነበረች፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ መጠለያው በግዳጅ መበተኑም የሚታወስ ነው። ዝናብ ሲያጥር ዛሬም በቶሎ የሚጎዳ ወረዳ ነው። የዌብ ወጪ 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ የቀጣዩም በ11 ቢሊዮን ተገምቷል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ለማይደረስባት ፕላኔት ሲወጣ የእብናት ገበሬ ምን ያገኛል ብሎ መጠየቅ አግባብ ነው። የፒኮሜትር መስታወት የእብናትን ማሳ ያጠጣል ብሎ መመለስ ሐሰት ይሆናል። በ1977ም የጎደለው መረጃ ብቻ አልነበረም፤ ጦርነቱና ፖለቲካው የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም ፕላኔት የሚፈልገውና ድርቅን የሚከታተለው ሥራ ሥራቸው አንድ ነው። ከዚያ ረሃብ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ መንግሥት የተቋቋመው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የተመሠረተው በሳተላይት ምስል ላይ ነበር። የምድሩን ልምላሜ የለካው መሣሪያ በደቂቃ 360 ጊዜ በሚሽከረከር መስታወት ምድርን ያስስ ነበር። ዛሬም የላንድሳት 8 ዋና ካሜራ ባለ አራት መስታወት ቴሌስኮፕ ነው፤ የሠራውም የዌብን መስታወቶች ያዘጋጀው ቦል ኤሮስፔስ ይባል የነበረው ኩባንያ ነው። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያስወነጨፈቻት 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ኢትአርኤስኤስ-1 ምድርን የምታየው በ13.7 ሜትር ዝርዝር ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ ምስል ጥቅም ደግሞ በጽናት ይወሰናል። የዘንድሮው ማሳ ካምናው ደረቀ ለማለት፣ መሣሪያው ካምና ወዲህ እንዳልተለወጠ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ድርቅ ያልነውን የመነጽሩ መዛባት ሊፈጥረው ይችላል።

እንግዲህ ድርሻችን የት ነው? ኢትዮጵያ የ6 ሜትር መስታወት አታፈስስም፤ ማፍሰስም አይጠበቅባትም። ጽሑፉ ሲከራከርለት የቆየው ነገር እውነት ከሆነ ግን፣ የዚህ ሥራ እምብርት የሆነው ልኬት በአነስተኛ ወጪ ሊጀመር ይችላል። ፈረንሳዊው ሊዮን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1858 የመስታወትን ቅርጽ በአንዲት ትንሽ የብርሃን ነጥብና በአንድ ስለት የሚመረምርበትን ዘዴ አወጣ። ስለቱ ከመስታወቱ ተመልሶ አንድ ቦታ የሚሰበሰበውን ብርሃን ሲቆርጥ፣ በገጹ ላይ ያለ ጉብታና ጎድጓዳ እንደ ኮረብታና ሸለቆ በጥላ ጎልቶ ይታያል። በእጅ የሚሞርዱ አማተሮች በዚህ ዘዴ ብቻ በዐሥር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ስህተት ይለያሉ። ዛሬ የብርሃኑ ነጥብ ትንሽ ኤልኢዲ፣ ስለቱም የጢም ምላጭ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር መስታወት በተማሪዎቹ እጅ ሊያስሞርድና በዚህ ዘዴ ሊያስለካ ይችላል፤ ሁለት ተማሪዎች ለየብቻ ለክተው ውጤታቸው ሲለያይ ምክንያቱን እስኪያገኙ እንዳይቀጥሉ ማድረግም ይችላል።

ይህ አነስተኛ ነው ብሎ የሚንቅ ይኖራል። ከዐሥር ናኖሜትር እስከ 10 ፒኮሜትር ሺህ እጥፍ ልዩነት አለ፤ በምላጭ ጠፈር አይገባም። ርቀቱ እውነት ነው። ነገር ግን በሀብል ፋብሪካ የጎደለው ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ የተቃወመውን ሁለተኛ ልኬት የሚሰማ ሰው ነበር። ያንን ሰው የሚያፈራው ደግሞ በገዛ እጁ ሞርዶ፣ ለክቶ፣ ተሳስቶና ስህተቱን አግኝቶ የሚያውቅ ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ የሠለጠነ ወጣት ነገ ወደ ብሔራዊ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ቢሄድ ሚዛንና ቴርሞሜትር ያስተካክላል፤ ወደ ሳተላይት ጣቢያ ቢሄድ የምስሉን መዛባት ይለያል፤ ውጭ አገር ወደ መስታወት ፋብሪካ ቢሄድም ባዶ እጁን አይሄድም። ለእንጦጦ ቴሌስኮፖች መግዣ የወጣውን ገንዘብ ያህል ባይሆንም፣ ለመለኪያ ቤተ ሙከራ የሚመደብ በጀት ከሚቀጥለው ትልቅ ግዢ መቅደም አለበት። መሣሪያ ተገዝቶ ይመጣል፤ መሣሪያው እውነት መናገሩን የሚያረጋግጥ ባለሙያ ግን እዚሁ መሠልጠን ይኖርበታል።